ሳይጠየቅ የማይናገር

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። እንግዳ ቤት ሲመጣ ልጅ ጥጉን ይዞ ይቀመጣል። ከተጠየቀ ይመልሳል፤ ካልተጠየቀ ዝም ይላል። ሳይጠየቅ ጣልቃ የገባ ልጅ እንግዳው ከተሸኘ በኋላ የሚጠብቀውን ቁንጥጫ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ይህ ሕግ ግን የሰው ልጅ ብቻ አይደለም። ከሳሪስ አቦ ቁልቁል ወርዳችሁ ቃሊቲ ስትደርሱ፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ከተደረደሩት ፋብሪካዎች ውስጥ በዚሁ ሕግ ቀንና ሌሊት የሚተዳደሩ መሣሪያዎች አሉ። ሙቀት የሚለኩ፣ ሞተር የሚያዞሩ፣ የኤሌክትሪክ ፍጆታ የሚቆጥሩ። ከተጠየቁ ወዲያው ይመልሳሉ፤ ካልተጠየቁ ግን አጠገባቸው እሳት ቢነሳ እንኳ ትንፍሽ አይሉም!

ውድ አንባብያን፣ «የጋዜጠኝነት ተማሪ ከፋብሪካ ሽቦ ጋር ምን አገናኛት?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ያገናኘኝ የቤት ሥራ ነው። ተራው አንባቢ የማያውቀውን አንድ ቴክኒካዊ ጉዳይ መርጣችሁ በአማርኛ አስረዱ ተባልን። ጓደኞቼ ስለ ኤቲኤም እና ስለ ሞባይል ኔትወርክ ጻፉ። እኔ ቃሊቲ በሚገኝ አንድ የፕላስቲክ ቧንቧ ፋብሪካ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ በኤሌክትሪሲያንነት የሠሩ አጎት አሉኝና ወደ እሳቸው ሄድኩ። የፋብሪካውን ስም አልጠቅስም፤ ለጉዳዩም አያስፈልግም። ጉዳዩ ስለ ሽቦ ነው። ውስጡ ሲገባ ግን ስለ ጥያቄ፣ ስለ ዝምታ እና ስለ አንድ ከባድ የአማርኛ ቃል ሆኖ አገኘሁት።

በመጀመሪያ ሽቦው ምን እንደሚሠራ እንይ። በድሮው አሠራር እያንዳንዱ መለኪያ የራሱ ሽቦ ነበረው። ፋብሪካው 40 መለኪያ ካለው ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሽቦ እየተነሳ እስከ ዋናው መቆጣጠሪያ ፓኔል ይሄዳል። ሰማንያ ሽቦ ማለት ነው። አንዱ ቢበጠስ ከሰማንያው የትኛው እንደሆነ ለማግኘት ቀኑ ይመሻል። አጎቴ ያንን ዘመን ሲያስታውሱ «ፓኔሉ ሲከፈት የተበተነ ሹሩባ ነበር የሚመስለው» ይላሉ።

ከዚያ ፊልድባስ የሚባለው አሠራር መጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ለሁሉም መሣሪያ አንድ ገመድ ብቻ ይዘረጋል፤ ሁሉም ከዚያ ገመድ ላይ ይንጠለጠላሉ። በፋብሪካዎች በብዛት የሚታወቀው አርኤስ-485 የሚባለው የሽቦ አሠራር ሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎችን ብቻ ይጠቀማል። በመደበኛው ስሌት 32 መሣሪያ ይሸከማል፤ ፍጥነቱ ዝቅ ካለ እስከ 1,200 ሜትር ይዘረጋል። ይህ ማለት ከፋብሪካው ዋና በር እስከ ጓሮ መጋዘን አንድ ገመድ ይበቃል ማለት ነው።

ችግሩ ግን እዚህ ላይ ይጀምራል። ገመዱ አንድ፣ ተናጋሪው ብዙ! ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከተናገሩ በሽቦው ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ምልክት ይደበላለቅና የማንም ንግግር አይሰማም። የእድር ስብሰባ ላይ ሁሉም ባንዴ ሲጮህ ጸሐፊው ምን ብሎ ይጻፍ? ስለዚህ ሰብሳቢ ያስፈልጋል።

መፍትሔው የክፍል ስም ጥሪ ዓይነት ነው። አስተማሪው መዝገቡን ይዞ አንድ በአንድ ይጠራል። የተጠራው «አቤት!» ይላል። ያልተጠራው አይናገርም። በገመዱም ላይ እንዲሁ አንድ ጠሪ አለ፤ ሌሎቹ ተጠሪዎች ናቸው። እርስ በርሳቸው እንኳ አይነጋገሩም። ቁጥር 5 ለቁጥር 6 የሚነግረው ነገር ቢኖረው በጠሪው በኩል ካልሆነ መንገድ የለውም።

በዚህ ዓይነት ከሚሠሩት ቋንቋዎች በጣም የታወቀው ሞድባስ ነው። ሞዲኮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 አወጣው፤ ኩባንያው ዛሬ የሽናይደር ኤሌክትሪክ አካል ነው። ይህን ያህል ዓመት አልፎትም አልሞተም። ምክንያቱን አጎቴን ስጠይቃቸው ወደ ፓኔሉ ወስደው አሳዩኝ። ማሽኑ የመጣው ከቻይና ነው፣ የሞተሩ ድራይቭ ከአውሮፓ፣ የኤሌክትሪክ መለኪያው ከሌላ አገር። «እነዚህ ሁሉ ተሰብስበው የሚግባቡበት ቋንቋ ይሄ ነው» አሉኝ። «የመርካቶ አማርኛ በይው! ከየትም ይምጣ፣ ገበያ ከገባ ይናገራታል።»

እስቲ አንዷን ጥያቄ ፈታተን እንመልከታት። ጠያቂው «ቁጥር 4፣ ሙቀትህ ስንት ነው?» ማለት ሲፈልግ ስምንት ባይት ብቻ ይልካል። የመጀመሪያው ባይት የተጠሪው ቁጥር ነው፤ ከ1 እስከ 247 ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የትእዛዙ ዓይነት ነው፤ 3 ከሆነ «አንብበህ ንገረኝ»፣ 6 ከሆነ «ይህን ጻፍ» ማለት ነው። ቀጥሎ የትኛው መዝገብ እንደተፈለገና ስንት እንደሆነ ይመጣል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ባይቶች ማረጋገጫ ናቸው። ከመልእክቱ ቁጥሮች በስሌት የሚገኙ ስለሆኑ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢበላሽ ሂሳቡ አይገጥምም፤ ተቀባዩም መልእክቱን ይጥለዋል።

ሁሉም መሣሪያዎች ጥያቄውን ይሰማሉ። ቁጥሩ የእሱ ያልሆነ ግን ዝም ይላል። ቁጥር 4 ብቻ ይመልሳል። የጥያቄው ማብቂያ የሚታወቀው ደግሞ በዝምታ ነው! ቢያንስ ሦስት ተኩል ፊደል ለመላክ የሚበቃ ጊዜ ገመዱ ላይ ጸጥ ከተባለ፣ ዓረፍተ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። በሰከንድ 9,600 ቢት በሚጓዝበት ገመድ ላይ ይህ ወደ 4 ሚሊሰከንድ ይሆናል። እኛ አራት ነጥብ እናደርጋለን፤ እነሱ ዝም ይላሉ። ዝምታም ትርጉም ያለው ሥርዓተ ነጥብ ሊሆን እንደሚችል ያየሁት እዚህ ነው።

ቁጥር 0 ደግሞ የማንም ስም አይደለም። በዜሮ የተላከ መልእክት ለሁሉም ነው፤ ማንም ግን አይመልስም። ይሄ የድሮው አዋጅ ነው፤ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ተብሎ ነጋሪት የሚጎሰምለት። አዋጅ ነጋሪ መልስ አይጠብቅም። ሰው ሰምቶ ይሁን አይሁን ግን በዚያ መንገድ አያውቅም።

ተጠሪው የማያውቀውን ከተጠየቀም የሚመልሰው አለው። የሌለውን መዝገብ ብትጠይቁት ዝም አይልም፤ የስሕተት ቁጥር 2 ይልካል፤ «እንዲህ የሚባል የለኝም» ማለት ነው። ይህን በጣም ወደድኩለት። ስንቱ ባለሥልጣን በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ይህን ያህል ቅን መልስ ይሰጣል?

ፈጽሞ ዝም ካለ ግን ነገሩ ይከብዳል። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል። ገመዱ ተበጥሶ ይሆናል። ጥያቄው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት ጥሎት ይሆናል። ወይም መብራት ሄዶ ሲመለስ ገና አልነቃም። ሌላም አለ፤ አጎቴ «የቃሊቲ በሽታ» የሚሉት። አንድ መቆጣጠሪያ ይበላሻል። አዲስ ተገዝቶ ይመጣል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከፋብሪካቸው ሲወጡ ቁጥራቸው 1 ነው። ገጣሚው ቸኩሎ ቁጥሩን ሳይቀይር ይሰካዋል። ከዚያ በኋላ በገመዱ ላይ ሁለት ቁጥር 1 አለ። ክፍል ውስጥ ሁለት ተስፋዬ እንዳለው ዓይነት ነው፤ ስሙ ሲጠራ ሁለቱም ባንዴ «አቤት!» ይላሉ፣ ድምፃቸው ይጋጫል፣ ጠሪው አንዱንም አይሰማም። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፤ ከውጭ ሲታይ ግን ሁለቱም የሞቱ ይመስላሉ።

ስለዚህ ጠያቂው ዝምታን ሲያገኝ ለዘላለም አይጠብቅም። የተወሰነ ጊዜ ይጠብቃል፣ እንደገና ይጠይቃል፣ ለምሳሌ ሦስቴ ሞክሮ ካጣ «መልስ የለም» ብሎ ወደ ሚቀጥለው ያልፋል። ሂሳቡን እንሥራው። በ9,600 ፍጥነት ስምንቱ ባይት ወደ 9 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። አንድ ቁጥር የያዘው መልስ ሰባት ባይት ነው፤ ወደ 8 ሚሊሰከንድ። ዝምታውና መሣሪያው የሚያስብበት ጊዜ ሲጨመር አንዱ ጥያቄና መልስ ከ30 እስከ 50 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ፣ ሃያ መሣሪያ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ተጠይቆ ያልቃል። ከሃያዎቹ አንዱ ከሞተና ጠያቂው አንድ አንድ ሰከንድ እየጠበቀ ሦስቴ ከሞከረ ግን፣ የአንድ ሰከንዱ ዙር አራት ሰከንድ ይሆናል። የቀረ ተማሪ ስም ጥሪውን የሚያስረዝመው እንዲህ ነው!

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ይህን ሁሉ ያጫወቱኝ አጎቴ ሻይ እየጠጣን ሳለ የሚከተለውን ነገሩኝ።

የፕላስቲክ ቧንቧ ማምረቻ ማሽን ረጅም በርሜል አለው። ፒቪሲው እየተገፋ ሲያልፍ በርሜሉ ላይ በተራ የተደረደሩ ማሞቂያዎች ያቀልጡታል። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ የሙቀት መቆጣጠሪያ አለው። ትንሽ ሳጥን ናት፤ ፊቷ ላይ ቁጥር ይበራል። እነዚህ ሳጥኖች በሙሉ በአንድ ገመድ ከዋናው ስክሪን ጋር ይገናኛሉ፤ የፈረቃ ኃላፊው መስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሁሉንም በአንድ ላይ ያያል። ፒቪሲ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ከልክ በላይ ከሞቀ ይቃጠላል፤ ሃይድሮጂን ክሎራይድ የሚባል ዓይንና ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይለቃል።

አንድ ሌሊት የአራተኛው ክፍል ማሞቂያ ኮንታክተር ተጣበቀ። ኮንታክተር ማለት ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ ነው፤ ከተጣበቀ መቆጣጠሪያዋ «አጥፋ» ብትለውም አይጠፋም። ሙቀቱ መውጣት ጀመረ። የአራተኛዋ ሳጥን አይታዋለች። ፊቷ ላይ ቀይ መብራት አብርታ ብልጭ ድርግም ትላለች። ነገር ግን ሳጥኗ ያለችው ከማሽኑ ጀርባ ነው። ከእሷ ወደ ስክሪኑ የሚሄደው ሽቦ ደግሞ በንዝረት ብዛት ብሎኑ ላልቶ ነበር። ስክሪኑ ይጠይቃል፤ መልስ የለም። እንደገና ይጠይቃል፤ መልስ የለም። ስክሪኑን ያዘጋጀው ሰው ደግሞ መልስ ሲጠፋ ምን ይታይ የሚለውን አላሰበበትም። ስለዚህ መጨረሻ የተገኘው ቁጥር እንደነበረ ቀረ። 178 ዲግሪ። ሰላም ነው!

ፈረቃው ላይ ወለል የሚያጸዱ አንዲት እናት ነበሩ። ወደ መስታወቱ ክፍል ሄደው «ልጄ፣ የሆነ ነገር ይሸታል» አሉ። ኃላፊው ስክሪኑን አየ። «እማማ፣ 178 ነው። ደህና ነው» ብሎ መለሳቸው። እሳቸውም ተመለሱ። ትንሽ ቆይተው እንደገና መጡ። ዓይናቸው እያለቀሰ ነበር። በዚህ ጊዜ ኃላፊውን ትተው በቀጥታ አጎቴን ጠሯቸው። አጎቴ ሮጠው ከማሽኑ ጀርባ ሲደርሱ የሳጥኗ ፊት 221 ይላል። ዋናውን ብሬከር በእጃቸው ጣሉት። ሁለት ሠራተኞች እያሳላቸው ክሊኒክ ተወሰዱ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተርፈዋል። በርሜሉን ከተቃጠለው ፕላስቲክ ለማጽዳት ሦስት ቀን ፈጀ።

አጎቴ ይህን ሲጨርሱ አንድ ነገር አሉኝ። «አየሽ የኔ ልጅ፣ በዚያ ሌሊት ሳይጠየቁ የተናገሩት እሳቸው ብቻ ናቸው።»

ዝም አልኩ። እውነታቸውን ነው። ሳጥኗ ታውቅ ነበር፤ መናገር አልተፈቀደላትም። ስክሪኑ ይናገር ነበር፤ የሚናገረው ግን የቆየ ነገር ነው። እኚያ እናት ግን መዝገብ ላይ ቁጥር የላቸውም፣ ማንም አልጠየቃቸውም፣ አንዴ ተናግረውም ተመልሰዋል። ደግመው ባይመጡ ምን ይሆን ነበር?

የቴክኒክ ሰዎች ይህን ድካም አያውቁትም ማለት አይደለም። ሌሎች አሠራሮችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 ጀርመን ውስጥ በተጀመረ ፕሮጀክት የተወለደው ፕሮፊባስ ከአንድ በላይ ጠያቂ በአንድ ገመድ ላይ እንዲኖር ይፈቅዳል። ጠያቂዎቹ የመናገር ተራ ይቀባበላሉ፤ ተራው የደረሰው ብቻ ይጠይቃል። እዚያም ቢሆን ተጠሪው ሳይጠየቅ አይናገርም። ነገር ግን ሲመልስ «ልነግርህ የምፈልገው ሌላ ነገር አለኝ» የሚል ምልክት ከመልሱ ጋር መላክ ይችላል፤ ጠያቂውም ተመልሶ ዝርዝሩን ይጠይቀዋል። እጅ እንደ ማውጣት ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ተጠሪው የራሱን ሰዓት ይይዛል፤ ከጠያቂው ድምፅ ከጠፋበት፣ የተቀመጠለት ጊዜ ሲያልፍ ሥራውን አደጋ ወደሌለበት ሁኔታ ይመልሰዋል። ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1986 ይፋ ያደረገውና ዛሬ በየመኪናው ውስጥ ያለው ካን የሚባለው አሠራር ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይለያል። ገመዱ ነፃ ከሆነ ማንም መናገር ይችላል። ሁለት ባንዴ ከጀመሩ ዝቅተኛ ቁጥር ያለው መልእክት ያልፋል፤ ሌላው ወዲያው ዝም ብሎ ተራውን ይጠብቃል። አስቸኳይ ለሆነው ነገር ዝቅተኛ ቁጥር ከተሰጠው ቀድሞ ይሰማል።

እስካሁን «ጠያቂ» እና «ተጠሪ» እያልኩ ነው የመጣሁት። በመማሪያ መጻሕፍቱ ግን ስማቸው እንዲህ አይደለም። በእንግሊዝኛው ማስተር እና ስሌቭ ይባላሉ። ቃል በቃል ወደ አማርኛ ከመለስነው «ጌታ» እና «ባሪያ» ነው። ቤት ሥራዬን ለመጻፍ ስቀመጥ ትልቁ ጥያቄ ይህ ሆነ።

አጠራሩ የቆየ ነው። ሮን ኤግላሽ የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጽሑፍ፣ ከቀደሙት አጠቃቀሞች አንዱን እ.ኤ.አ. በ1904 በኬፕታውን የከዋክብት መመልከቻ ስለነበረ ሰዓት በተጻፈ ዘገባ ውስጥ አግኝተውታል። አንድ ሰዓት ሌላውን ሰዓት ይከተላል፤ ተከታዩን «ባሪያ» አሉት። አፍሪካ ምድር ላይ ተቀምጠው! ሃይድሮሊክ ላይም፣ ኮምፒውተር ላይም፣ ፋብሪካ ላይም ቃሉ እየተወረሰ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2003 የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ዕቃ አቅራቢዎቹን ይህን አጠራር ከመሣሪያዎቻቸው ላይ እንዲያነሱ ጠይቆ ብዙ ተስቆበታል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ግን የሞድባስ ድርጅት ራሱ ቃሉን አወጣው። አዲሶቹ ስሞች ክላየንት እና ሰርቨር ናቸው።

እኛ ዘንድ ነገሩ ከዚህ ይጠልቃል። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታለች። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ደግሞ በሕግ ተከልክሏል። አዋጁ ከወጣ በሰው ዕድሜ ሲቆጠር ሩቅ አይደለም። ቃሉም አልሞተም። በየሰፈሩ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በሰው ቆዳና በትውልድ አካባቢ ላይ ዛሬም ሲወረወር እንሰማዋለን።

የዶርም ጓደኛዬ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ናት የምትማረው፤ ከደቡብ ነው የመጣችው። ገና አንድ መስመር ሳልጽፍ «አንቺ ብትሆኚ በአማርኛ ምን ትያቸዋለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። ደብተሯን ዘጋች። «በእንግሊዝኛ ሳነበው ሽቦ ነው የሚታየኝ» አለችኝ። «በአማርኛ ስሰማው ግን አያቴ ናት የምትታየኝ።» ሌላ አልጨመረችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

እሺ፣ አዲሶቹን የእንግሊዝኛ ስሞች እንተርጉማቸው? ክላየንት «ደንበኛ» ነው፤ አንባቢው ሱቅ ይታየዋል። ሰርቨር «አገልጋይ» ነው፤ ባሪያን አስወጥተን አሽከር ማስገባት ሊሆንብን ነው። ላይ ታች ስል ሰነበትኩና እንደገና ወደ ቃሊቲ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ እናንተ እነዚህን ምን ትሏቸዋላችሁ?»

«ማስተርና ስሌቭ ነዋ!»

«እሱማ እንግሊዝኛው ነው። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ማስተር ማለት ምን ማለት ነው ቢልዎ ምን ይሉታል?»

«ጠያቂው ነው እለዋለኋ። ሌላው መላሽ። ምን ያስቸግራል?»

በቃ! መዝገበ ቃላት ስበረብር የሰነበትኩበትን ቃል አጎቴ በእጃቸው ፊውዝ እንደያዙ መለሱልኝ። ጠያቂ እና መላሽ። ሳስበው ቃሉ ጨዋ ስለሆነ ብቻ አይደለም ደስ ያለኝ። ትክክል ስለሆነም ነው። «ጌታና ባሪያ» ስንል አንዱ ሁሉን የሚያዝ፣ ሌላው የራሱ ነገር የሌለው ይመስላል። እውነቱ ግን እንደዚያ አይደለም። የሙቀት መቆጣጠሪያዋ ሥራዋን የምትሠራው በራሷ ነው። ገመዱ ቢበጠስም ማሞቂያውን ማብራትና ማጥፋት አታቆምም። ስለ በርሜሉም ከስክሪኑ ይልቅ እሷ ታውቃለች፤ ስክሪኑ የሚያውቀው እሷ የነገረችውን ብቻ ነው። «ጌታ» የተባለው መላሹ ካልመለሰለት ባዶ ነው። የሁለቱ ልዩነት አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ መናገር የሚችለው ማን ነው?

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ከሙያችን ጋር የሚገናኘው። መላሹ ቀድሞ መናገር በማይችልበት ቦታ ሁሉ የማወቅ ኃላፊነቱ በሙሉ የጠያቂው ነው። መላሹ ዝም ስላለ «ደህና ነው» ማለት አይቻልም። የትናንቱን መልስ እንደ ዛሬ አድርጎ ማቅረብም አይቻልም። በየዜናው «ሁኔታው በቁጥጥር ሥር ነው» ሲባል እንሰማለን። ማን፣ መቼ ተጠይቆ ነው ያለው? ትናንት ጠዋት ከነበረ ያ 178 ዲግሪ ነው! አንዳንዶቻችን ደግሞ ጋዜጣዊ መግለጫ ይዘን መመለስን እንደ ዘገባ እንቆጥረዋለን። እሱ የቁጥር ዜሮ መልእክት ነው፤ ተነገረ እንጂ አልተጠየቀም። መልስ አጥተን ስንመለስም «ጠይቀን መልስ አላገኘንም፣ ይህን ያህል ጊዜ ሞከርን» ብለን መጻፍ አለብን። ዝምታውን በግምት መሙላት ግን ላላ ያለውን ሽቦ መደበቅ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን እኚያ እናት ከአእምሮዬ አይወጡም። የስልክ ዝርዝራችን ላይ ያሉት ኃላፊዎችና የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኞች ናቸው። መጥረጊያ የያዙትን ሰው ቁጥር ማን ያዘ? እሳቸው ሁለተኛ ጊዜ እስኪመጡ የምንጠብቅ ከሆነ ጠያቂ መባላችን ለምን ነው?

ፋብሪካው ከዚያ ሌሊት በኋላ ሦስት ነገር ቀየረ። ሦስቱንም በዓይኔ አይቻለሁ። አንደኛ፣ ስክሪኑ ላይ ከእያንዳንዱ ቁጥር ሥር መልሱ የተገኘበት ሰዓት ይታያል። ሁለተኛ፣ ሦስት ጊዜ ተጠይቆ መልስ ከጠፋ ቁጥሩ ይጠፋና ቀይ ሰረዝ ይተካል። ሦስተኛ፣ ሙቀቱ ከተወሰነው ካለፈ ከገመዱና ከስክሪኑ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሌላ መቁረጫ ማሞቂያውን በራሱ ይዘጋዋል፤ ጡሩንባም ይነፋል። ያ ጡሩንባ የማንንም ጥያቄ አይጠብቅም።

እኔም በቤት ሥራዬ ላይ «ጠያቂ» እና «መላሽ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ፊልድባስ፣ ሞድባስ እና ፕሮፊባስ ግን ስሞች ናቸውና እንዳሉ ትቻቸዋለሁ። ከዚህ የተሻለ ቃል ያላችሁ፣ በተለይ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች፣ ከቡለቲኑ ሳጥን ውስጥ ወረቀት ጣሉልኝ። ለሚቀጥለው እትም ሰብስቤ አቀርባለሁ። ካልጣላችሁም ዝም ብዬ አልቀመጥም፤ ዶርማችሁ ድረስ መጥቼ እጠይቃችኋለሁ። ቸር ይግጠመን!